ቫኒቫር ቡሽ

ቫኒቫር ቡሽ (ማርች 11 ቀን 1890 – ጁን 28 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የፈጠራ ሰውና የመንግሥት የሳይንስ አስተዳዳሪ ነበር። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሲቪል ሳይንቲስቶች ለጦርነቱ ያካሄዱትን ምርምር የመራው እሱ ነው። የማይክሮዌቭ ራዳር፣ ዒላማው አጠገብ ሲደርስ ራሱ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት፣ የፔኒሲሊን በብዛት መመረት እና የአቶሚክ ቦምብ ጅምር ሁሉም በእሱ ጽሕፈት ቤት በኩል አልፈዋል። ከሁለቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ከጆርጅ ቡሽ አባትና ልጅ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቡሽ የተወለደው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኤቨረት ከተማ ነው። አባቱ ፔሪ ቡሽ የዩኒቨርሳሊስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር፤ ቀደምቶቹ ደግሞ የመርከብ አዛዦች ነበሩ። በልጅነቱ ብዙ ጊዜ ይታመም ነበር። ትምህርቱን በተፍትስ ኮሌጅ ተከታትሎ በ1913 የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪውን በአንድ ጊዜ ተቀበለ።

ተማሪ ሳለ በ1912 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። መሣሪያው በሁለት የብስክሌት ጎማዎች መካከል የተንጠለጠለ ሣጥን ሲሆን፣ በመሬት ላይ እየተገፋ ሲሄድ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በወረቀት ላይ ይሥል ነበር። ለመሸጥ ቢሞክርም ገዢ አላገኘም። መሣሪያው በደንብ እየሠራ ገበያ ማጣቱ ለወጣቱ ቡሽ ትምህርት ሆነው፤ ጥሩ ነገር መፍጠር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሰዎችንና ድርጅቶችን ማወቅም እንደሚያስፈልግ ተረዳ። በ1916 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም.አይ.ቲ.) የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ፊቢ ዴቪስን አግብቶ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

የሰርጓጅ መርከብ መፈለጊያው

በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቡሽ የመግነጢስ መስክ ለውጥን በመለካት ሰርጓጅ መርከቦችን የሚያገኝ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ከእንጨት በተሠራ መርከብ ላይ ሲጫን ያገለግል ነበር፤ በብረት መርከብ ላይ ግን አልሠራም። በጦርነቱ አንድም የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ሳያጠምድ ቀረ። ቡሽ ለዚህ ምክንያት አድርጎ የያዘው የመሣሪያውን ጉድለት ብቻ አልነበረም። መሐንዲሱ መርከበኛው ምን እንደሚያስፈልገው፣ መርከበኛውም መሐንዲሱ ምን መሥራት እንደሚችል በወቅቱ አልተነጋገሩም። ከሃያ ዓመት በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ቅሬታ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

በኤም.አይ.ቲ.

በ1919 ቡሽ በኤም.አይ.ቲ. ማስተማር ጀመረ። በ1922 ከሎረንስ ማርሻልና ከቻርልስ ስሚዝ ጋር ሆኖ አንድ ኩባንያ መሠረተ፤ ኩባንያው ራዲዮን ከባትሪ ያላቀቀች ቱቦ በመሥራት ታወቀ፣ በኋላም ሬይቲዮን በሚለው ስሙ ከታላላቅ የጦር መሣሪያ አምራቾች አንዱ ሆነ።

በ1931 ደግሞ ዲፈረንሻል አናላይዘር የተባለውን የስሌት ማሽን ከተማሪዎቹ ጋር ሠርቶ ጨረሰ። ማሽኑ በዘንጎች፣ በጥርስ ጎማዎችና በሚሽከረከሩ ዲስኮች የሚሠራ ሲሆን፣ በእጅ ለመፍታት እጅግ አድካሚ የሆኑ ዲፈረንሻል እኩልታዎችን ይፈታ ነበር። ማሽኑን ለማንቀሳቀስ ከተቀጠሩት ተማሪዎች አንዱ በኋላ የኢንፎርሜሽን ንድፈ ሐሳብን የመሠረተው ክሎድ ሻነን ነው። ቡሽ በ1932 የኤም.አይ.ቲ. ምክትል ፕሬዝዳንትና የምሕንድስና ፋኩልቲ ዲን ሆነ።

ወደ ዋሽንግተን

በ1939 መጀመሪያ ቡሽ በዋሽንግተን የሚገኘውን የካርኔጊ ተቋም ፕሬዝዳንትነት ተረከበ። ተቋሙ ለምርምር ገንዘብ የሚሰጥ ስለነበር ቡሽን ከሀገሪቱ ሳይንቲስቶችና ከባለሥልጣናት ጋር አገናኘው፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት የበረራ ምርምር አማካሪ ኮሚቴም ሊቀ መንበር ሆነ። አውሮፓ ጦርነት ሲጀመር፣ ኮሚቴው ለአውሮፕላን ያደረገውን ለመሣሪያ ሁሉ የሚያደርግ አካል እንደሚያስፈልግ አመነ።

ጁን 12 ቀን 1940፣ ጀርመኖች ፓሪስ ከመግባታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ቡሽ በሃሪ ሆፕኪንስ አማካይነት ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገኘ። የያዘው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ውይይቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ፕሬዝዳንቱ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ መለሰለት። በዚያው ወር መጨረሻ ብሔራዊ የመከላከያ ምርምር ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የሃርቫርዱ ጄምስ ኮናንት፣ የኤም.አይ.ቲው ካርል ኮምፕተን፣ የቤል ላቦራቶሪዎች ኃላፊ ፍራንክ ጁዊት፣ የካልቴኩ ሪቻርድ ቶልማን፣ የፈጠራ መብት ኮሚሽነሩ ኮንዌይ ኮ እንዲሁም ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል አንዳንድ ተወካይ ነበሩ። በወቅቱ ጥቂት ሰዎች የተለመደውን መንገድ ዘለው ሥልጣንና ገንዘብ ያዙ የሚል ወቀሳ ተነሣ፤ ቡሽም በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ እንደነበረ አምኗል።

ኮሚቴው ምርምር እንጂ መሣሪያውን ለምርት የማድረስ ሥልጣን አልነበረውም፤ ሕክምናም አይነካም ነበር። ስለዚህ ጁን 28 ቀን 1941 የሳይንሳዊ ምርምርና ልማት ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ቡሽ ዳይሬክተሩ ሆነ፤ ኮሚቴውም በኮናንት ሰብሳቢነት በሥሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ቡሽ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለፕሬዝዳንቱ ነበር። ጄኔራሎች ሲያስቸግሩት ይህ መንገድ እንዳለው እነሱም ያውቁ ነበር።

የአሠራሩ ዘዴ

የቡሽ ዋና ፈጠራ መሣሪያ ሳይሆን ውል ነው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ሳይንቲስቶች ዩኒፎርም ለብሰው በወታደራዊ ማዕረግ ሥር ሠርተዋል። ቡሽ ይህን አልወደደም፤ ማዕረግ ያለው ሰው ለበላዩ ስህተት ነው ብሎ መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ መንግሥት አዲስ ቤተ ሙከራዎች ከመገንባት ይልቅ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከኩባንያዎች ጋር ውል እንዲገባ አደረገ። ዩኒቨርሲቲው ወጪው ይሸፈንለታል፣ ትርፍ ግን አያገኝም፤ ተመራማሪው በሲቪልነቱ ይቆያል። ጽሕፈት ቤቱ በጦርነቱ ዘመን ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር በዚህ መንገድ አውጥቷል። ወደ 10,000 የሚጠጉ የውል ሠራተኞች ለውትድርና እንዳይመለመሉ ቡሽ ጠይቆ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተፈቅዶላቸዋል።

ዘዴው ጉድለትም ነበረው። ገንዘቡ የሄደው በአብዛኛው ወደ ጥቂት ትልልቅ ተቋማት ሲሆን፣ ከሁሉ የበለጠውን ያገኘው የቡሽ የቀድሞ ቤት ኤም.አይ.ቲ. ነበር። የምዕራብ ቨርጂኒያው ሴናተር ሃርሊ ኪልጎር ይህን ደጋግሞ ነቅፏል።

ራዳርና የመድፍ ጥይት

በ1940 መጸው በሄንሪ ቲዛርድ የሚመራ የብሪታንያ ልዑክ ካቪቲ ማግኔትሮን የተባለች ትንሽ መሣሪያ ይዞ አሜሪካ ገባ። መሣሪያዋ በአጭር የሞገድ ርዝመት ኃይለኛ ሞገድ ስለምታመነጭ ራዳርን አውሮፕላን ላይ ለመጫን አስቻለች። የቡሽ ኮሚቴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኤም.አይ.ቲ. የራዲዬሽን ላቦራቶሪን አቋቋመ፤ በመጨረሻ ወደ 4,000 ሠራተኞች ነበሩት። ላቦራቶሪው የሠራቸው ራዳሮች በአትላንቲክ ውቅያኖስ በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ላይ በተደረገው አደን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ ቡሽ አዲሱ መሣሪያ በአግባቡ እንዲሠራበት ከባሕር ኃይሉ አዛዥ ከአድሚራል ኧርነስት ኪንግ ጋር ብዙ መከራከር ነበረበት።

ሌላው ሥራ በመርል ቲዩቭ የተመራው ነው። በአውሮፕላን ላይ የሚተኮስ የመድፍ ጥይት ዒላማውን በቀጥታ የሚመታው አልፎ አልፎ ነው። የቲዩቭ ቡድን በጥይቱ አፍንጫ ውስጥ ትንሽ ራዲዮ አስገባ፤ ጥይቱ ወደ አውሮፕላኑ ሲጠጋ የሚመለሰው ሞገድ ፈንጂውን ያቀጣጥለዋል። አስቸጋሪው ነገር የብርጭቆ ቱቦዎቹ በመድፍ ሲተኮሱ እንዳይሰበሩ ማድረግ ነበር፤ ከመሬት ስበት ወደ 20,000 እጥፍ የሚደርስ ግፊት መቋቋም ነበረባቸው። በጃንዋሪ 1943 ሄሌና የተባለችው የጦር መርከብ በዚህ ጥይት አንድ የጃፓን አውሮፕላን ጣለች። በ1944 ደግሞ በለንደን ላይ የሚላኩትን ቪ-1 በራሪ ቦምቦች ለመጣል አገለገለ። ጀርመኖች ያልፈነዳ ጥይት አንሥተው እንዳይቀዱት ስለተፈራ በጠላት ምድር ላይ እስከ 1944 መጨረሻ አልተፈቀደም፤ ከዚያ በኋላ በአርዴንስ ውጊያ በእግረኛ ጦር ላይ ተተኮሰ።

እሳትና አቶም

ከቡሽ ጽሕፈት ቤት ውል ከወጡት ነገሮች አንዱ በሃርቫርድ የተሠራው ናፓልም ነው። በማርች 1945 አንድ ሌሊት አሜሪካ ቶኪዮ ላይ በጣለችው የእሳት ቦምብ ወደ 100,000 የሚገመት ሰው አለቀ። ቡሽ ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት ሌሊት እየጮኸ ይባንን እንደነበር፣ ከአቶሚክ ቦምቡም ይልቅ ይህ ነገር ያስጨንቀው እንደነበር መርል ቲዩቭ ተናግሯል። ቡሽ በአደባባይ ስለ ሕሊናው ብዙ አልጻፈም።

አቶሚክ ቦምብን በተመለከተ መጀመሪያ ተጠራጣሪ ነበር። የብሪታንያ ሳይንቲስቶች በ1941 ቦምቡ ሊሠራ እንደሚችል ካሳዩ በኋላ ኦክቶበር 9 ቀን 1941 ለሩዝቬልትና ለምክትሉ ለሄንሪ ዋላስ ጉዳዩን አቀረበ፤ ፕሬዝዳንቱም ሥራው እንዲፋጠን ፈቀደ። የግንባታው ስፋት ከጽሕፈት ቤቱ አቅም በላይ መሆኑን ሲያይ በ1942 ሥራው ለምድር ጦር እንዲተላለፍ ያደረገው ራሱ ቡሽ ነው። ጄኔራል ሌስሊ ግሮቭስ የሚመራውን የማንሃታን ፕሮጀክት በበላይነት የሚከታተለውን ወታደራዊ ኮሚቴም በሊቀ መንበርነት መርቷል።

በሴፕቴምበር 1944 ቡሽና ኮናንት ለጦር ሚኒስትሩ ለሄንሪ ስቲምሰን ማስታወሻ ጻፉ። የአሜሪካ ብልጫ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት እንደማይዘልቅ፣ ሚስጥር በመያዝ ብቻ ሰላም እንደማይገኝና ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንደሚያስፈልግ አሳሰቡ። ምክሩ ወደ ተግባር አልተለወጠም፤ ሶቪየት ኅብረት በኦገስት 1949 የራሷን ቦምብ ሞከረች። ይሁንና ቡሽ በ1945 ቦምቡ ያለ ማስጠንቀቂያ በጃፓን ላይ እንዲጣል የመከረው ኮሚቴ አባልም ነበር። ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው ሙከራ ሲፈነዳ በቦታው ተገኝቷል።

ከጦርነቱ በኋላ

ቡሽ ጽሕፈት ቤቱ ለጦርነት ብቻ የቆመ መሆኑን አጥብቆ ይናገር ነበር፤ በ1947 መጨረሻም ተዘጋ። በምትኩ በጁላይ 1945 ለፕሬዝዳንት ትሩማን ባቀረበው ዘገባ፣ መንግሥት በሰላም ጊዜ መሠረታዊ ምርምርን በሲቪል ተቋም በኩል እንዲደግፍ ሐሳብ አቀረበ። ኪልጎር ተቋሙ በፕሬዝዳንቱ ሥር እንዲሆን ሲፈልግ፣ ቡሽ ሳይንቲስቶች ራሳቸው እንዲመሩት ፈለገ። ትሩማን የቡሽን ሐሳብ የተከተለውን ሕግ በ1947 ውድቅ አደረገው። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የተመሠረተው በ1950 ነው። በመካከሉ ባለፉት አምስት ዓመታት ባሕር ኃይሉና ሌሎች የጦር ክፍሎች የዩኒቨርሲቲ ምርምር ዋና ከፋዮች ሆኑ። ቡሽ ያስተዋወቀው ውል እሱ ባላሰበው መንገድ ቋሚ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው በጁላይ 1945 በአትላንቲክ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ሜሜክስ ስለተባለ ምናባዊ ጠረጴዛ ገለጸ። አንባቢው መጻሕፍቱንና ማስታወሻዎቹን በማይክሮፊልም አከማችቶ አንዱን ከሌላው እያያያዘ የሚሄድበት ነው። ጽሑፉን በፊሊፒንስ ወታደር ሳለ ያነበበው ዳግላስ ኢንገልባርት በኋላ የኮምፒውተር ማውስን ፈለሰፈ።

የተሳሳተባቸው ነገሮችም አሉ። በ1945 መጨረሻ አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ለብዙ ዓመታት የማይሆን ነገር ነው ብሎ ለምክር ቤት መሰከረ፤ ሶቪየቶች በ1957 አበረሩት። በ1946 እና በ1948 መካከል የጦር ክፍሎቹን የምርምር ቦርድ ቢመራም፣ እንደ ጦርነቱ ዘመን የሚሰማው ፕሬዝዳንት ስላልነበረው ብዙ ሊሠራ አልቻለም። በ1952 የመጀመሪያው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ እንዲዘገይና አዲሱ ፕሬዝዳንት እንዲወስንበት ቢጠይቅም፣ ሙከራው ከምርጫው ሦስት ቀን በፊት ተካሄደ። በ1954 ሮበርት ኦፐንሃይመር ታማኝነቱ ሲመረመር ቡሽ ቀርቦ መሰከረለት፤ ሰው በሰጠው ምክር ምክንያት ሊጠየቅ አይገባም በማለት መርማሪዎቹን ፊት ለፊት ነቀፈ።

በ1955 ከካርኔጊ ተቋም ጡረታ ወጥቶ ወደ ማሳቹሴትስ ተመለሰ። የመርክ መድኃኒት ኩባንያ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ ከ1957 እስከ 1962 ሠርቷል። የ1963ን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ባለቤቱ በ1969 ሞተች፤ ማስታወሻውን በ1970 አሳተመ። ጁን 28 ቀን 1974፣ ጽሕፈት ቤቱ በተቋቋመ ልክ በ33 ዓመቱ፣ በቤልሞንት ከተማ በ84 ዓመቱ አርፎ በሳውዝ ዴኒስ ተቀበረ።