ሃሪ ሁዲኒ፤ ለማመን የፈለገው ተጠራጣሪ



እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ከምንከራከርባቸው ነገሮች አንዱ፥ በሰማይ ታዩ ስለሚባሉት በራሪ ሳህኖች፥ ስለ ሙታን መናፍስትና ምክንያታቸው ስላልታወቀ ድንቅ ነገሮች ነው። አንዱ ወገን የሰማውን ሁሉ አምኖ ይቀበላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ነገሩ ተነግሮ ሳያልቅ ይስቃል። እኔ ስመለከተው ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ጉድለት አለባቸው፤ ሁለቱም አልመረመሩም። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፥ ንጉሥም የጦር አለቃም ያልነበረውን፥ ነገር ግን ማመንንና መጠራጠርን በራሱ ኀዘን ላይ የመዘነውን ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒን መረጥሁ። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሁዲኒ በማርች 24 ቀን 1874 በሀንጋሪ አገር በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኤሪክ ቫይስ ነበረ። አባቱ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፥ ማለት ረቢ ነበረ። በ1878 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዊስኮንሲን በሚባለው ክፍለ ግዛት፥ አፕልተን በምትባል ከተማ ተቀመጠ። አባቱ ከሥራው በተሰናበተ ጊዜ ቤታቸውን ድህነት ገባበት፤ ሕፃኑ ኤሪክም ጋዜጣ እየሸጠና ጫማ እየጠረገ እናቱን ይረዳ ጀመር። ኋላም በኒውዮርክ ከተማ በአንድ የከረባት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ። በዚያ ወራት ሮቤር ሁዳን የተባለውን የፈረንሳይ ምትሃተኛ የሕይወት ታሪክ አንብቦ እጅግ ስለ ተደነቀ፥ የዚያን ሰው ስም ጥቂት ለውጦ ራሱን ሁዲኒ ብሎ ሰየመ።

በ1894 ቤስ የተባለችውን ወጣት አግብቶ ባልና ሚስቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ትርኢት ያሳዩ ነበር። ገንዘቡ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበረ። ችግሩ በጸናባቸው ጊዜ ካንሳስ በሚባለው ክፍለ ግዛት መናፍስት ጠሪዎች መስለው ሠሩ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሁዲኒ ወደ አንዲት ከተማ ሲደርስ አስቀድሞ ወደ መቃብር ቦታ ሄዶ በድንጋዮቹ ላይ የተጻፉትን ስሞችና ቀኖች ያጠናል፤ የመንደሩን ወሬም ያጠያይቃል። ሌሊት በመድረክ ላይ ይህንኑ ከሙታን እንደ ሰማ አድርጎ ሲናገር ሕዝቡ ያለቅሳል። በኋላ ዕድሜው ሁዲኒ ይህን ሥራውን እያሰበ ይጸጸት ነበር፤ በሰው ኀዘን መነገድ ምን ማለት እንደ ሆነ የተረዳው የራሱ ኀዘን ሲመጣበት ነውና።

ከ1899 ወዲህ ግን ዕድሉ ተቃና። በእጁ ካቴና፥ በእግሩ እግረ ሙቅ እያስገቡ ቢያስሩት እየፈታ ይወጣ ስለ ነበረ በአሜሪካና በአውሮፓ ስሙ ገነነ። በ1912 እግሮቹ ከላይ ተጠርቀው፥ ራሱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ፥ ውኃ በሞላበት መስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚወጣበትን ታላቅ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ብዙ ሰዎች ሥጋው እንደ ጢስ ተኖ የሚያልፍ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን ሥራው ሁሉ የቁልፍ ዕውቀት፥ የሰውነት ልምምድና ትንፋሽን የመቆጣጠር ውጤት መሆኑን ሳያፍር ይናገር ነበር። ምስጢሩን ባይገልጥም፥ ምስጢሩ የሰው ጥበብ መሆኑን አልደበቀም። በእኔ አስተያየት በምትሃተኛና በአታላይ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሁዲኒ ከሰው ሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው እናቱን ሴሲሊያን ነው። በጁላይ ወር 1913 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ሳለ የመሞቷን ቴሌግራም ተቀበለ፤ ባነበበውም ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ መቃብሯን ከመጎብኘት አላቋረጠም። ከሞት ወዲያ አንዲት ቃል እንኳ ከእናቱ ለመስማት ይመኝ ስለ ነበረ፥ በየአገሩ መናፍስት ጠሪዎች ዘንድ እየሄደ ተቀመጠ። ነገር ግን በየጊዜው የሚያገኘው ያንኑ በወጣትነቱ የሠራበትን ተንኰል ነበረ። በጨለማ የሚንቀሳቀሰው የመንፈስ እጅ አይደለም፥ የሰው እግር ነበረ፤ የሚሰማው የሙት ድምፅ አይደለም፥ በመለከት የሚነገር የሕያው ሰው ድምፅ ነበረ።

በዚያ ዘመን የመናፍስት ጠሪዎች ገበያ የደራበት ምክንያት ነበረ። ከ1914 እስከ 1918 የተደረገው የዓለም ጦርነትና ከ1918 ጀምሮ የተነሣው የኅዳር በሽታ ሚሊዮኖች ሰዎችን ስለ ጨረሱ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ኀዘን ያልገባበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሸርሎክ ሆልምስ የተባለውን የወንጀል መርማሪ በልብ ወለድ የፈጠረው እንግሊዛዊው ደራሲ ሰር አርተር ኮናን ዶይል እንኳ፥ ልጁን በ1918፥ ወንድሙን በ1919 አጥቶ ነበር። አስቀድሞም ወደ መናፍስት ጥሪ ያዘነበለው ይህ ሰው ከዚያ ወዲህ ኃይሉንና ገንዘቡን ሁሉ ለዚሁ እምነት ሰጠ። ሐኪምም ነበረ፤ የተማረ፥ ቅን፥ ለሰው የሚራራ ሰው ነበረ። ሆኖም በ1917 ኮቲንግሌ በተባለች የእንግሊዝ መንደር ሁለት ልጃገረዶች ትንንሽ ክንፋም ፍጡሮችን ፎቶግራፍ አነሣን ባሉ ጊዜ፥ ዶይል ሥዕሎቹን እውነተኛ ናቸው ብሎ በ1920 በመጽሔት አወጣቸው። ሴቶቹ አርጅተው በ1983 እንደ ገለጡት ግን፥ አብዛኞቹ ፍጡሮች ከወረቀት ላይ ተቈርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ሥዕሎች ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ትምህርትና ቅንነት ብቻቸውን ከስሕተት እንደማያድኑ ነው።

ሁዲኒና ዶይል በ1920 ተዋውቀው ወዳጆች ሆኑ። በጁን ወር 1922 አትላንቲክ ሲቲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አብረው ሳሉ፥ የዶይል ሚስት የሁዲኒን እናት መንፈስ ጠርታ መልእክት እንደምትጽፍለት ነገረችው። ሁዲኒም ዓይኑን ጨፍኖ፥ ልቡን ከፍቶ ተቀመጠ። ሴትዮዋ በፍጥነት እየጻፈች 15 ገጽ ሞላች፤ በመጀመሪያው ገጽ ራስ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገች፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነበረ። ሁዲኒ ይህን ሲመለከት ልቡ ተሰበረ። እናቱ የረቢ ሚስት ናትና መስቀል አታደርግም፤ እንግሊዝኛም በሚገባ አታውቅም ነበር፤ ያ ቀን የልደቷ ቀን ሆኖ ሳለ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ዶይል ለዚህ መልስ ነበረው። መስቀሉ የጸሐፊዋ ልማድ እንደ ሆነ፥ መንፈስ የሚያስበውንም ጸሐፊዋ በራሷ ቋንቋ እንደምትተረጕመው አስረዳ። እኔ ይህን መልስ ደጋግሜ አሰብሁበት። መልሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ማናቸውም ነገር ቢጻፍ፥ በማናቸውም ቋንቋ ቢጻፍ፥ እውነት ነው ለማለት የሚያስችል መልስ ነው። ሊሸነፍ የማይችል ማስረጃ ደግሞ ሊረታም አይችልም። ሁዲኒ ዓይኑን ጨፍኖ ቢቀበል ኖሮ ኀዘኑ ይቀልለት ነበር፤ ወዳጁንም አያጣም ነበር። እሱ ግን የሐሰት መጽናናትን እንቢ አለ፤ ወዳጅነታቸውም ፈረሰ።

በዚያው በ1922 መጨረሻ ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት፥ የመናፍስትን ሥራ በመርማሪዎች ፊት ለሚያረጋግጥ ሰው የገንዘብ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከአምስቱ መርማሪዎች አንዱ ሁዲኒ ነበረ። በ1924 በቦስተን ከተማ ማርጀሪ በሚል ስም የታወቀችውን የሐኪም ሚስት መረመረ። በእግሮቹ መካከል የተቀመጠውን ደወል መንፈስ ይደውለዋል ይባል ነበር። ሁዲኒ ቀኑን ሙሉ እግሩን በጎማ ፋሻ አጥብቆ አስሮ ስለ ዋለ ቆዳው ሕመም ይሰማው ነበር፤ ስለዚህ በጨለማው ውስጥ የሴትዮዋ እግር ቀስ እያለ ወደ ደወሉ ሲንሸራተት እንደ ተሰማው መሰከረ። በ1925 ኮሚቴው ሽልማቱን ከለከላት።

ይሁን እንጂ ሚዛን ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ሁዲኒ ጉረኛና ቍጡ ሰው ነበረ። ማርጀሪን በመረመረበት በአንደኛው ሌሊት፥ እሷ በተቀመጠችበት ሣጥን ውስጥ የሚታጠፍ ማስመሪያ ተገኘ፤ እሱ አንቺ አስገባሽው አላት፥ የእሷ ወገኖች ደግሞ እሱን ከሰሱት። ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ስለዚህ አማኙ እንደሚመረመር ሁሉ ተጠራጣሪውም ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ። ጥርጣሬ ፍርድ ከመስጠት በፊት የሚሠራበት መሣሪያ ነው እንጂ፥ ራሱ ፍርድ አይደለም።

ሁዲኒ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የሐሰት ጢምና መነጽር አድርጎ በየመናፍስት ጠሪው ቤት እየገባ ተንኰላቸውን ያጋልጥ ነበር፤ የእሱ ጥበብ ሊደግመው የማይችለውን ተአምር ለሚያሳየውም 10,000 ዶላር እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። በ1926 በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፥ በገንዘብ ጥንቆላ እንዲከለከል ምስክርነት ሰጠ፤ ሕጉ ግን አልጸደቀም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር፥ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ሳለ አንድ ተማሪ የሆዱን ጥንካሬ ለመፈተን ሲል ደጋግሞ በቡጢ መታው። ሕመም እየተሰማው፥ በትኩሳት እየነደደ፥ በዲትሮይት ከተማ የመጨረሻ ትርኢቱን አሳየ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ስለ ነበረ ሐኪሞች ሊያድኑት አልቻሉም፤ በኦክቶበር 31 ቀን 1926 በ52 ዓመቱ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት ግን ለሚስቱ ለቤስ አንድ የምስጢር ቃል ትቶላት ነበር። ከሞት ወዲያ መናገር የሚቻል ከሆነ በዚያ ቃል ሊያነጋግራት ተስማሙ። ይህን ነገር ሳስብ ሰውዬው ይበልጥ ይገርመኛል፤ ዕድሜውን ሁሉ አታላዮችን ሲያጋልጥ የኖረ ሰው በሩን ፈጽሞ አልዘጋውም። በ1929 አንድ መናፍስት ጠሪ ቃሉን አመጣሁ አለ፤ ጋዜጦችም አስተጋቡት። ነገር ግን ቃሉ ከአንድ ዓመት በፊት በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቶ ነበር። ቤስም በመጀመሪያ ቃሉ ትክክል ነው ብላ ፈርማ ኋላ ካደችው። አሥር ዓመት ጠብቃ፥ በ1936 በሆሊዉድ በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ የመጨረሻውን ጥሪ አደረገች። መልስ አልመጣም። በባሏ ፎቶግራፍ አጠገብ አሥር ዓመት ያበራችውን መብራት ያን ሌሊት አጠፋችው።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። በጁን 24 ቀን 1947 አንድ አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ፥ ሬኒየር በተባለው ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያበሩ ነገሮች ሲበሩ አየሁ አለ፤ ጋዜጦችም በራሪ ሳህን ብለው ሰየሟቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 ድረስ 12,618 እንዲህ ያሉ ወሬዎችን መረመረ። አብዛኞቹ ኮከቦች፥ ደመናዎች፥ ፊኛዎችና አውሮፕላኖች ሆነው ሲገኙ፥ 701 ሳይታወቁ ቀሩ። በ2024 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባወጣው ዘገባም ከሌላ ዓለም የመጣ መሣሪያ ስለ መኖሩ ማስረጃ አለመገኘቱ ተገልጧል። አማኙ 701ዱን ይዞ ማስረጃ ነው ይላል፤ ሳቂው ያዩትን ሰዎች ሁሉ ውሸታሞች ያደርጋል። እኔ ግን ያልታወቀ ማለት ያልታወቀ ማለት ብቻ ነው እላለሁ። ያየው ሰው ማየቱን እመኑት፤ ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን መርምሩ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ መታገሥ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ሁዲኒ የእናቱን ድምፅ ለመስማት የነበረውን ሁሉ በሰጠ ነበር፤ ሆኖም ምኞቱን በዳኛ ወንበር ላይ አላስቀመጠውም። እኛም አንድ ድንቅ ነገር በሰማን ጊዜ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይህን የማምነው ስለ ተረጋገጠ ነው ወይስ ደስ ስላለኝ? የምክደውስ መርምሬው ነው ወይስ እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅን ልብ የሚመልስ ተማሪ ለአታላይ በቀላሉ አይታለልም፤ አዲስ እውነት ቢመጣም በር ዘግቶ አይመልሰውም።