የመስታወት ገንዳው እንግዳ፦ የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ የባሕርን እንስሳ ከነሕይወቱ አምጥቶ ሰው ቤት ውስጥ ያኖረውን እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስን ነው። የመረጥነው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ምንነቱን የማናውቀው ነገር ድንገት ፊታችን ሲደቀን ምን ማድረግ እንደሚገባን፣ ምንስ ማድረግ እንደማይገባን ሕይወቱ ስለሚያስተምረን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎስ በ1810 በእንግሊዝ አገር በዉስተር ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን ፑል በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ትንንሽ የሰው ምስል የሚሥል ሠዓሊ ስለነበር የቤተሰቡ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ሀብት ቢኖር ሥዕል ነው። በ17 ዓመቱ በጸሐፊነት ሊሠራ ባሕር ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ገባ። እዚያም በ1832 ስለ ማይክሮስኮፕ የሚናገር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ነፍሳትን መሰብሰብ፣ መሣልና መመዝገብ ዋና ሥራው ሆነ። ካናዳ ወርዶ እርሻ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በ1838 በአሜሪካ አላባማ የባለመሬቶችን ልጆች አስተማረ። በዚያ ያየው ባርነት ሕሊናውን አስጨነቀው፤ ዓመትም ሳይሞላው ወደ አገሩ ተመለሰ። ለንደን ሲገባም አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንግዲህ እርሱም እንደኛው የጠመኔ ሰው ነበር ማለት ነው!

በጃማይካ ወፎችን ሲያጠና ከቆየ በኋላ በ1848 ኤምሊ ቦውስን አገባ። በ1852 ጤናው ስለታወከ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዴቮን የባሕር ዳርቻ ሄደ። ታላቁ ሥራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የባሕር እንስሳ በሳህን ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ውኃው ይበላሽና እንስሳው ይሞት ነበር። ጎስ፣ ቀደም ብለው እንደሞከሩት ጥቂት ሰዎች፣ ሕይወት ያለው የባሕር ተክል አብሮ ጨመረበት። ተክሉ በብርሃን ኦክሲጅን ስለሚሰጥ እንስሳቱ መኖር ቻሉ። በ1853 የለንደን የአራዊት ማቆያ ሕዝብ የሚያየው የዓሣ ቤት ሲከፍት ከእንስሳቱ ብዙዎቹን ያቀረበው እርሱ ነው። በ1854 ባሳተመው መጽሐፍም አኳሪየም የሚለው ስም በሰው አፍ ገባ። ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከገበታ ጨው፣ ከኢፕሶም ጨው፣ ከማግኒዥየም ክሎራይድና ከፖታሲየም ክሎራይድ የሚሠራ የባሕር ውኃ ቀመር አወጣ።

ታዲያ ወደ እንግዳው እንምጣ። ጎስ በገንዳው ውስጥ ሳቤላ የምትባል የባሕር ትል ነበረችው። ይህች ትል ለራሷ ቱቦ ሠርታ በውስጡ ትኖራለች፤ ምግብ የምትሰበስበውም ላባ የሚመስለውን አክሊሏን ወደ ውጭ ዘርግታ ነው። አንድ ቀን ጎስ በቱቦው አፍ ዙሪያ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ያላስገባቸው፣ ያልጠበቃቸው ጥቃቅን ፍጡሮች ተርታውን ቆመዋል! በአጉሊ መነጽር ሲታዩማ ጉድ ናቸው፤ እያንዳንዱ ራስ፣ አንገትና ሁለት እጅ ያለው ቁርጥ ሰው ይመስላል። ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ እጃቸውንም ያወራጫሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተደንቆ ጎረቤት ይጠራ ነበር። ጎስ ግን ሰው መምሰላቸውን ወደ ጎን ትቶ የሰውነታቸውን አሠራር ወደመመርመር ገባ። ሁሉም በቱቦው ላይ በተዘረጋ ቀጭን ሥር መሰል መረብ የተያያዙ ሆነው ተገኙ። እጅ የመሰሉትም ምግብ መያዣዎች ናቸው። ስለዚህ ትል አይደሉም፤ በባዮሎጂ ትምህርት የምናውቀው የሃይድራ ወገን ናቸው። የዚህ ወገን እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ መያዣ ሲኖራቸው እነዚህ ሁለት ብቻ መያዛቸው ለአዲስ ስም አበቃቸው። ጎስ ላር ሳቤላሩም አላቸው። ላር የጥንት ሮማውያን የቤት አድባር ነው፤ የሳቤላን ደጃፍ የሚጠብቁ አድባሮች እንደማለት ነው። ሥዕሉና መግለጫው በ1857 በሊንያን ማኅበር መጽሔት ወጣ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1872 ቶማስ ሂንክስ ይህንኑ እንስሳ እንደገና አግኝቶ ስለ አረባቡ ጻፈ። ቆይቶም የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ከእነዚህ አድባሮች መካከል መያዣ የሌላቸው ትንንሽ ጄሊፊሽ ያበቅላሉ። ያ ጄሊፊሽ ደግሞ ኤድዋርድ ፎርብስ በ1846 ስም ያወጣለት ነበር። ማለትም፣ አንዱ እንስሳ በሕይወቱ ሁለት መልክ ስላለው ሁለት ስም ወጥቶለት ኖሯል! በሳይንስ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና ዛሬ ፕሮቦሲዳክቲላ ስቴላታ ይባላል። የጎስ ስም ወደቀ፤ በዓይኑ አይቶ የመዘገበው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ያው 1857 ለጎስ የመከራ ዓመት ሆነ። ሚስቱ ኤምሊ በጡት ካንሰር ሞተችበት። በዚያው ዓመት ኦምፋሎስ የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ምድር ስትፈጠር የእርጅና ምልክት ይዛ ነው የተፈጠረችው፤ በድንጋይ ውስጥ የሚገኘውም ቅሪት ያልኖረ ዘመን ምልክት ነው አለ። መጽሐፉን ሳይንቲስቶቹም ሃይማኖተኞቹም አልተቀበሉትም። እኛ እዚህ የምንመዝነው እምነቱን ሳይሆን የአሠራሩን ልዩነት ነው። ስለ ላር የተናገረውን ማንም ሰው ሳቤላ ፈልጎ ሊያረጋግጠው ወይም ሊያርመው ይችላል። የኦምፋሎስን አባባል ግን በምንም ዓይነት ምርመራ ማረጋገጥም ማፍረስም አይቻልም።

ሌላም ኀዘን ነበረበት። መጽሐፎቹን ያነበበ ሰው ሁሉ መዶሻና ባልዲ ይዞ ወደ ባሕሩ ስለወረደ፣ ጎስ የሚወዳቸው የድንጋይ ላይ ኩሬዎች ተራቆቱ። ልጁ ኤድመንድ ይህን ጥፋት በ1907 ባወጣው መጽሐፍ በምሬት ጽፎታል። ጎስ በ1888 በ78 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ የነገ መምህራን፣ ከዚህ ሰው ምን እንውሰድ? አኳሪየም ባይኖረን የወንዝ ውኃና አንድ የመስታወት ብልቃጥ አናጣም። ተማሪው በብልቃጡ ውስጥ ያልታወቀ ፍጡር አግኝቶ ምንድነው ብሎ ሲጠይቀን ስም ለመስጠት አንጣደፍ። አስቀድሞ ይሣለው፣ እግሩን ይቁጠር፣ ምን እንደሚበላ ይጠብቅ፤ ያየውንም ጓደኛው ደግሞ ይየው። ሲጨርስም እንስሳውን ወደመጣበት ውኃ ይመልሰው። ስሙ ቢሳሳት በኋላ ይታረማል፤ ሳይታይ የታለፈውን ግን ማን ያርመዋል?