ሩዶልፍ ሽፒልማን፡ የኪንግስ ጋምቢት የመጨረሻው ፈረሰኛ

ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ተከላካዮቹን በሙሉ ወደ ፊት ልኮ በረኛውን ብቻውን የሚተው አሰልጣኝ ቢኖር ደጋፊው አበደ እንዴ ማለቱ አይቀርም፡፡ በቼዝ ዓለም ግን ይህንኑ እያደረገ ለዓመታት ያሸነፈ፣ የተሸነፈ፣ ሲሸነፍም የተጨበጨበለት ሰው ነበር፡፡ ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽፒልማን ይባላል፡፡

ሽፒልማን እ.ኤ.አ በ1883 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፡፡ እንጀራው ቼዝ ነበር፡፡ ሰሌዳው ፊት እንደ አንበሳ የሚያጠቃው ይህ ሰው ከሰሌዳው ሲነሳ ዝምተኛና ትሁት ነበር ይባላል፡፡

ስሙ የተያያዘው ኪንግስ ጋምቢት ከሚባለው አከፋፈት ጋር ነው፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሁለቱም ተጫዋቾች ከንጉሣቸው ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋሉ፡፡ ከዚያ ነጩ ገና በሁለተኛው እንቅስቃሴ ጎን ያለውን ወታደር ገፍቶ በነጻ ብላ ብሎ ያቀርበዋል፡፡ ጥቁሩ ከበላ ከመሃል ሜዳ ይወጣል፤ ነጩም መሃሉን ይይዛል፣ መንገድ ይከፈትለትና በጥቁሩ ንጉሥ ላይ ይዘምታል፡፡ ዕዳውም ግን ቀላል አይደለም፡፡ የተገፋው ወታደር የራሱን ንጉሥ ገላልጦት ነው የሚሄደው፡፡ የጥቁሩ ንግሥት በአንድ ዝላይ መጥታ ቼክ ትላለች፡፡ ጥቃቱ ካልሰመረ ደግሞ ነጩ እጁ ላይ የሚቀረው አንድ የጎደለ ወታደርና የተራቆተ ንጉሥ ብቻ ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ1912 አባዚያ ላይ (የዛሬዋ የክሮኤሺያ ኦፓቲያ) ለየት ያለ ውድድር ተዘጋጀ፡፡ ማንኛውም ጨዋታ በኪንግስ ጋምቢት እንዲከፈት፣ ጥቁሩም ወታደሩን እንዲበላ ግዴታ ነበር፡፡ ለሽፒልማን ይህ በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት እንደመጫወት ነው፡፡ አንደኛ ወጣ፡፡

ችግሩ ዘመኑ እየተቀየረ መምጣቱ ነበር፡፡ ተከላካዮች ነቁ፡፡ የበሉትን ወታደር የሙጥኝ ማለት ትተው በጊዜው እየመለሱ ቁራጮቻቸውን በነጻነት ማውጣት ጀመሩ፤ ጥቃቱም መፍዘዝ መጣ፡፡ ሽፒልማን ራሱ እ.ኤ.አ በ1923 ስለሚወደው ጋምቢት ጽሁፍ ሲያወጣ የሰጠው ርዕስ አከፋፈቱን አልጋ ላይ እንደወደቀ በሽተኛ የሚቆጥር ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ዝግ አከፋፈቶች ዞረ፡፡ የሚገርመው ትልልቅ ድሎቹም የመጡት ያኔ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1926 ዜመሪንግ ላይ፣ በዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን አሌካይንን አስከትሎ አንደኛ ወጣ፡፡ ለስምንት ዓመታት ያህል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የቆየውን ኩባዊውን ካፓብላንካን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1928 ባድ ኪሲንገን፣ በ1929 ደግሞ ካርልስባድ ላይ ረታው፡፡ ሁለቱም ጊዜ ታዲያ በኪንግስ ጋምቢት አልነበረም፡፡

እ.ኤ.አ በ1935 ስለ መስዋዕት መጽሐፍ አወጣ፡፡ እዚያ ላይ መስዋዕትን ለሁለት ይከፍለዋል፡፡ አንደኛው የውሸት መስዋዕት ነው፤ ሂሳቡ እስከ መጨረሻው ተሰልቶ የሰጠኸው ከነትርፉ የሚመለስልህ፡፡ ሁለተኛው እውነተኛው ነው፡፡ ይሄኛው አይሰላም፤ ተጫዋቹ ሰጥቶ፣ አምኖ፣ ወደማያውቀው የሚገባበት ነው፡፡ ሽፒልማን ያመነው በሁለተኛው ነበር፡፡ ሰው በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ትክክለኛውን መከላከያ ማግኘት ከባድ ነው ባይ ነው፡፡

መጽሐፉ ሲወጣ ግን ናዚዎች ጀርመን ውስጥ ሥልጣን ላይ ነበሩ፡፡ ኦስትሪያም እ.ኤ.አ በ1938 ተዋጠች፡፡ ለአይሁዳዊው ሽፒልማን ወደ ቪየና መመለስ የማይታሰብ ሆነ፡፡ ፕራግ ሄደ፤ እሷም ልትያዝ ሆነ፡፡ በስዊድን የቼዝ ሰዎች እርዳታ ስቶክሆልም ገባ፡፡ ፒያኒስት የነበረው ወንድሙ ሊዮፖልድ ቴሬዚንሽታድት በተባለው የናዚ ማጎሪያ ሕይወቱ አለፈ፡፡ ሽፒልማን ራሱም ገንዘብ አጠራቅሞ ከአውሮፓ የመውጣት ሃሳብ ነበረው፤ አልሆነለትም፡፡ ነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ በ59 ዓመቱ በድህነትና በብቸኝነት ስቶክሆልም ውስጥ ሞተ፡፡ ለአሌካይንና ለካፓብላንካ ያልተንበረከከ ሰው መጨረሻው ይህ መሆኑ ያሳዝናል፡፡

ጋምቢቱስ? ቦቢ ፊሸር በስፓስኪ ኪንግስ ጋምቢት ከተረታ በኋላ እ.ኤ.አ በ1961 ይህ አከፋፈት ያለቀለት ነው ብሎ ጻፈ፡፡ ይሄው ፊሸር በኋላ ራሱ ከፍቶበት ማሸነፉን ልብ ይሏል፡፡ ዛሬ ግን ዳኛው ኮምፒውተር ሆኗል፡፡ ወታደሩ በተበላበት ቅጽበት የቼዝ ፕሮግራም ከፍቶ ላየ ሰው መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ጥቁር ይሻላል፡፡ ነጩ ወዲያው ተሸንፏል አይልም፤ አቻ ለመውጣት ግን መልፋት አለበት፡፡ እ.ኤ.አ በ2012 በኤፕሪል ፉል ሰሞን ኮምፒውተር ኪንግስ ጋምቢትን እስከ መጨረሻው ፈታው የሚል ዜና ወጥቶ ስንቱ አምኖ ነበር፤ ቀልድ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፡፡ ለነገሩ ቢያምኑም አይፈረድባቸውም፡፡ ሽፒልማን አይሰላም ያለውን ነገር ማሽኑ በየሰኮንዱ በሚሊዮን የሚቆጠር አቋም እያየ ያሰላዋል፡፡

እሱ ግን የተጫወተው ከማሽን ጋር አልነበረም፡፡ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሰዓቱ የሚሮጥበት፣ ንጉሡ ሲከበብ የሚደነግጥ ሰው ነበር፡፡ ዛሬም በኢንተርኔት የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ላይ ኪንግስ ጋምቢት የሚከፍቱ ሞልተዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚለውን እያወቁ፡፡