አባ ጎርጎርዮስ፦ በባዕድ ከተማ መምህር የሆኑት ስደተኛ

ከደሴ ተነሥቶ መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሰፊው ደጋ ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ያያል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦና ወረ ኢሉ የሚባሉት አገሮች የሚገኙበት ይህ የደቡብ ወሎ ደጋ በጥንት ዘመን ቤተ አማራ ይባል ነበር። የዚያ ስያሜ ቅሪት ዛሬም አማራ ሳይንት በሚለው የወረዳ ስም ላይ ይገኛል። በያዝነው ጽሑፍ ሕይወታቸውን ባጭሩ የምንመለከተው አባ ጎርጎርዮስ የዚህ አገር ተወላጅ ነበሩ። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን በውጭ አገር ከተሞች ተምረን ስለ ተመለስን፣ ወይም ለመሄድ ስለምናስብ፣ የእኚህ ሰው ታሪክ ከታሪክ ሊቃውንት ይልቅ እኛን ሊያሳስበን ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ መካነ ሥላሴ በተባለች ስፍራ ነው። ስፍራዋ በስም ከመካነ ሰላም ጋር ብትቀራረብም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሯት፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት፣ በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ የተቃጠለች ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረችበት ቦታ ናት። ስለዚህ ጎርጎርዮስ ያደጉት የቀድሞው ክብር በፍርስራሽና በትዝታ ብቻ በቀረበት አገር ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ግዕዝን በሚገባ ዐወቁ፤ አማርኛም አፍ የፈቱበት ቋንቋቸው ነበር። ወደ ፊት ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ይዘውት የሄዱት ሀብት ይኸው ነው።

አገራቸውን የለቀቁት ለትምህርት ተልከው አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ከወገኑት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ። ይህ የሃይማኖት ለውጥ ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞው እምነት ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ጎርጎርዮስም ከተባረሩት ጋር ተሰደው በህንድ አገር ወደምትገኘው የፖርቱጋሎች ከተማ ወደ ጎዋ ሄዱ፤ በመጨረሻም ወደ ሮም ዘለቁ።

በሮም ያረፉት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ነበር። ይህ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ ከጎርጎርዮስ አንድ መቶ ዓመት በፊት አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት መነኩሴ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 በማተሚያ መኪና ያሳተሙት በዚሁ ቤት ሳሉ ነው። በ1626 የተመረቀው ታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያውያኑ ደጃፍ ብዙ አይርቅም። የዘመኑ ታላቅ የሕንፃ ሥራ በተፈጸመባት በዚህች ከተማ አንድ ስደተኛ መነኩሴ ማንም የማያስተውለው ሰው ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1649 ነው። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ገደማ ጀርመናዊ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሮም መጥቶ ሳለ ኢትዮጵያውያኑን ፈልጎ አገኛቸው። ይህ ወጣት ያለ መምህር፣ ከጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻ፣ ግዕዝን ተምሮ ነበር። ሲያነብላቸው አነጋገሩ መነኮሳቱን አሳቃቸው፤ የጽሑፉን ምሥጢር ማወቁን ባዩ ጊዜ ግን ተደነቁ። ከመነኮሳቱ ሁሉ በዕውቀት የላቁት ጎርጎርዮስ ነበሩና ሉዶልፍ ከእርሳቸው እግር ሥር ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። ሉዶልፍ ሕግ አውጪ አእምሮ ነበረው፤ አንድን ቋንቋ ፈትቶ ክፍሎቹን ለይቶ በሥርዐት የመደርደር ችሎታ ነበረው። የጎደለው ሕያው ዕውቀት ነው። ጎርጎርዮስ ደግሞ ቃላቱን ከነድምፃቸው፣ ከነአገባባቸውና ከነባህላቸው ያውቁ ነበር፤ ዕውቀታቸው ግን በአውሮፓውያን የሰዋስው መንገድ የተደረደረ አልነበረም። በሥራችን የሕንፃውን ንድፍ የሚያነሣ ባለሙያና ድንጋዩን በእጁ የሚያውቅ ግንበኛ ሲገናኙ የሚሆነው ዓይነት ነገር በሁለቱ መካከል ሆነ። አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን ባልፈጸመው ነበር።

በ1652 የሣክሰን ጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ አስጠራቸው። ከሮም ተነሥተው የአልፕስን ተራሮች አቋርጠው ከሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ወዳላገገመችው ጀርመን ገቡ። በ1643 የተጀመረው የፍሪደንሽታይን ግንብ ሥራው ገና ሳያልቅ በዚያ ተቀመጡ። ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ አስተዳደር፣ ወንዞች፣ እንስሳትና ዕፀዋት ጥያቄ እየቀረበላቸው ይመልሱ፣ መልሳቸውም ይጻፍ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ መነኩሴ፣ በባዕድ ቤተ መንግሥት፣ ቋንቋውን በማያውቁት ሕዝብ መካከል የአገራቸው ብቸኛ ምስክር ነበሩ። በዚያው ዓመት ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላም ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል።

ወደ አገራቸው ለመመለስ የተነሡት በ1658 ነው። የተሳፈሩባት መርከብ ግን በሶርያ ባሕር ዳርቻ፣ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰበረችና ሰጥመው ሞቱ።

የጎርጎርዮስ ቃል ግን በሉዶልፍ እጅ ቀርቶ ነበር። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1683 የኢትዮጵያ ካርታ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ። ታሪኩን ለማብራራት በ1691 በታተመው መጽሐፍ ውስጥም የጎርጎርዮስ ምስል ይገኛል። ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልካደም፤ ስማቸውን በየመጽሐፉ አንሥቷል። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የተጣለው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው፣ ጎርጎርዮስ በባዕድ አገር የተከበሩት የአገራቸውን ነገር ጠንቅቀው በማወቃቸው መሆኑ ነው። በዲግሪ ላይ ዲግሪ ለመጨመር ወደ ውጭ የሚሄድ ባልደረባችን ስለ አገሩ አፈር፣ ስለ ወንዙ ጠባይ፣ ስለ ግንበኛው ልማድ ሲጠየቅ የሚመልሰው ከሌለው በዚያ የሚኖረው ተቀባይ ብቻ ሆኖ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ዕውቀቱ የተመዘገበው በላቲን መሆኑ ነው። ከቤተ አማራ የወጣው ቃል በጀርመን ታትሞ የአውሮፓ ሊቃውንትን ሲያስተምር፣ በተገኘበት ደጋ የሚኖረው ሰው ሊያነበው አልቻለም። ጎርጎርዮስ ስለ ሮምና ስለ ጎታ ያዩትን ለወገናቸው የሚነግሩበት ዕድልም አብሯቸው ሰጠመ።

እርሳቸውን የከለከላቸው ባሕር ነው። እኛ ግን በሰላም ተመልሰን፣ በባዕድ ቋንቋ የጻፍነውን የመመረቂያ ጽሑፍ በተማርንበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ትተነው እንመጣለን። ስለ ኢትዮጵያ ድልድይ፣ ግድብ ወይም መንገድ የተጠና ጥናት በኢትዮጵያ እንዳይገኝ የሚያደርግ ማዕበል የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የጥናቱን ቅጂ ለማኅበሩ እንዲያስረክብ፣ ፍሬ ነገሩንም በአማርኛ አሳጥሮ እንዲጽፍ ቢደረግ፣ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ወጣት መሐንዲሶች ግን ሥራን ከመጀመሪያው ከመጀመር ያድናቸዋል።