እንዶድን ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ የወሰዱት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ጥግና በቁጥቋጦ መሐል የሚበቅለውን እንዶድ የማያውቅ ገበሬ የለም። እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ለዘመናት ነጠላና ጋቢ አጥበውበታል። ይህን ተክል የሳይንስ ምርምር ርእስ በማድረግ በዓለም ያሳወቁት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የግኝታቸው ዕለት ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ ያሳለፏቸው 25 የድካም ዓመታት ግን ብዙም አይነገሩም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ አድዋ አቀኑ። የበሽታው ትል እንቁላል ከሕመምተኛ ሰው ወጥቶ ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል፤ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት አድጎና ተባዝቶ ይወጣና ውኃ የነካን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ወጣቱ ተመራማሪ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ሕያዋኑን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ሲያስነኳቸውም ሞቱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 29 ነበር።

ግኝቱ የአንድ ቀን ቢሆንም ማስረጃው የብዙ ዓመታት ሥራ ጠየቀ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መምራት ጀመሩ። በማስተማሩና በምርምሩ ላይ የተቋም አስተዳደርና የገንዘብ ፍለጋ ተጨመረባቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህር በመካከለኛ የሥራ ዘመኑ ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ዕውቀቱ በበሰለበት ሰዓት ጊዜው ይሻማል፣ ለምርምር የተመደበው ቀን ለደብዳቤና ለስብሰባ ይውላል።

እንዲህም ሆኖ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። የእንዶድ ዱቄት በወንዞች ላይ በሥርዓት ተደርጎ ነዋሪዎቹ በየጊዜው ተመረመሩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባ ኬሚካል መግዛት ለማይችል አገር ይህ ታላቅ ተስፋ ነበር።

ውጤቱ ግን የተጠበቀውን በር አልከፈተም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን ከመደገፉ በፊት የመርዛማነት ምርመራ በተራቀቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲደረግ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ነውር የለውም፤ ወደ ውኃ የሚገባ ነገር ሁሉ ለሰውና ለእንስሳ ያለው ጠንቅ መጣራት አለበት። ነገር ግን ለምርመራው የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንድ የአፍሪካ ተቋም አቅም የሚገኝ አልነበረም፤ ገንዘብ ሰጪዎች ደግሞ ያለ ምርመራው ውጤት እጃቸውን አልዘረጉም። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ሁሉ ጀርባ በአፍሪካ የተሠራን ምርምር ያለማመን ልማድ እንዳለ ያምኑ ነበር፤ ይህንንም በየመድረኩ ከመናገር አልተቆጠቡም።

ከ1974 አብዮት በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲውን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ያዙ። አርባ ዓመት ግድም የሆነው ምሁር የመሠረተውን ተቋም ትቶ መሄዱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የእንዶድን ጉዳይ ግን አልተዉትም። በአገር ቤት የቀሩት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን እያለሙና እያነጻጸሩ ምርጥ የሆነውን 44ኛውን ዓይነት ለዩ። አንዱ በውጭ ሲሟገቱ ሌላው በማሳ ላይ ደከሙ።

በ1989 ሁለቱ ባልደረቦች በስዊድን የሚሰጠውንና በብዙዎች ዘንድ አማራጩ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ በዚያ አካባቢ የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸገረን ባለ ዛጎል ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት ማውጣቱም ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ተክሉን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ከጥቅሙ ምን ይደርሰዋል? ጥያቄው ዛሬም ድረስ በአገር በቀል ዕውቀት ላይ በሚደረጉ ክርክሮች ይነሣል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ግን እሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ ቢልሃርዚያን የሚገታ መድኃኒት ሆኖ አልተስፋፋም፤ ሕሙማን በአብዛኛው የሚረዱት በሚዋጥ እንክብል ነው።

እንዶድ መርዝነት ያለው ተክል በመሆኑ ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝና ኩሬ መጨመር ዓሣን ይፈጃል፤ ሊጠጣም አይገባም። ከአጥር እየተመነጠረ እንዳይጠፋ መንከባከብ ግን ከማንኛውም ገበሬ የሚጠበቅ ነው። የፕሮፌሰሩ ሥራ የተጀመረው እናቶች በእጃቸው ከያዙት ዕውቀት ነበርና፣ ዝርያውን ማቆየት ለነገ ተመራማሪ መነሻ ማስቀመጥ ነው።