ከኡራኤል የወጡት ቄስ ለ13 ዓመት የት ነበሩ?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1978። ቦነስ አይረስ፣ ሞኑሜንታል ስታዲየም። ያ ፀጉሩን ያስረዘመው ማሪዮ ኬምፐስ ሁለት ጎል አግብቶ፣ ቤርቶኒ ሦስተኛውን ጨምሮ፣ አርጀንቲና በጭማሪ ሰዓት ሆላንድን 3 ለ 1 ረትታ ዋንጫውን አነሳች። ሜዳው በወረቀት ብጥስጣሽ ነጭ ሆኖ ነበር። ይሄንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ ግን የባሕር ኃይሉ ሜካኒክስ ትምህርት ቤት አለ። በዚያን ሰዓት ግቢው በታፈኑ ሰዎች የተሞላ ነበር። የሕዝቡ ጩኸት እስረኞቹ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፣ መቃብራቸውም አልተገኘም።

የእግር ኳስ ሰው ስለ ታፋኞች ሲያነሳ ከዚህ ነው የሚጀምረው። እኛ ግን አርጀንቲና ድረስ መሄድ አይጠበቅብንም። በኬምፐስ ዋንጫ ማግስት፣ በ1971 ዓ.ም ክረምት፣ በዚሁ በአዲስ አበባ መሐል ከተማ አንድ የወለጋ ሰው በመኪና ተጭነው እንደ ጉም ጠፉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይባላሉ። የስፖርት ገጽ ላይ ቄስ ምን ይሠራል የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ መጨረሻ ላይ አርጀንቲናዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ነቀምቴ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ለማየት በአምቦና በባኮ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የተጓዘ ደጋፊ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ አቆራርጧል። ከዚያ በጊምቢ በኩል ወደ ነጆ ሲቀጥሉ የቦጂ አገር ይመጣል። ጉዲና የተወለዱት እዚያ ነው፣ በሚያዝያ 1921 ዓ.ም። እውቀት ፍለጋ ወደ ነቀምቴ መጡ። በዚያን ጊዜ ነቀምቴ ማለት ለወለጋ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። የሞሮዳ ልጅ የኩምሳ ቤተ መንግሥት አለ፣ ስዊድኖች የከፈቱት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አለ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦነሲሞስ ነሲብ ያስተማሩባት ከተማ ናት። ወጣቱ ጉዲና በሆስፒታሉ ለውጭ አገር ሐኪሞች ያስተረጉሙ ነበር። ቀስ በቀስ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው ረዳት ሆኑ። ቢቀጥሉበት ኑሮአቸው የተደላደለ ነበር። እሳቸው ግን ነጭ ጋውናቸውን አውልቀው ወደ ስብከቱ ገቡና በ1950 ዓ.ም ቅስና ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገዳቸው በጣም ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ሄደው በሉተር ሴሚናሪ ሦስት ዓመት ተማሩ። ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው አደባባይ የሚወጡበት ዘመን ነበር። እንደተመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዝዳንቱ የቀድሞው ሚኒስትር አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። የሚገርመው እሳቸውም የቦጂ ሰው ናቸው።

ጉዲና ዝም ብሎ ቢሮ የሚቀመጥ ጸሐፊ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የአውሮፓ ለጋሾችን ፊት ለፊት ሞገቱ። ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከቱ ሲሆን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የአፍሪካ ሰው ግን ሥጋና ነፍሱን ለሁለት ከፍሎ አያውቅም የሚል ነበር ሐሳቡ። ደብዳቤው በአውሮፓ ትልቅ ክርክር አስነሳ። ከገንዘብ ሰጪው ጋር እንዲህ መነጋገር በየትኛውም ቤት ቀላል አይደለም፣ የክለቦቻችን ሥራ አስኪያጆች ያውቁታል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የመጀመሪያ ሰሞን ብዙ ሰው እንደተደሰተ ሁሉ ጉዲናም መሬት ላራሹን አልጠሉም። ደርግ ቤተ ክርስቲያንን የራሱ አፈ ቀላጤ ሊያደርግ ሲፈልግ ግን አሻፈረኝ አሉ። ኦርቶዶክሱንም ካቶሊኩንም ወንጌላዊውንም በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ የአብያተ ክርስቲያናት ትብብር ጉባኤ ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ እሳቸው ሆኑ። ይሄ በደርግ ዓይን ጥሩ ምልክት አልነበረም። በዚያ ላይ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር። ባሮ ወደ ሐረርጌ በረሃ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1978 እዚያው ሞተ። የእሱም አሟሟት እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። አንድ ቤት፣ ሁለት ወንድማማች፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ!

ጥቅምት 1 ቀን 1971 ዓ.ም ጉዲና ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ፣ ተፈቱ። በ1971 ግንቦት ማብቂያ ገደማ እንደገና ተይዘው ሳምንታት ቆዩ፣ አሁንም ተለቀቁ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ አይቆይም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ልብ የሚያንጠለጥለው። በታንዛኒያው ፕሬዝዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የመውጫ መንገድ ተመቻቸላቸው። በሩ ተከፍቷል፣ መግባት ብቻ ነው። ስንቱ ተጫዋች ለጨዋታ ወጥቶ እዚያው በቀረባት አገር፣ ሰውዬው አልሄድም አሉ። ሕዝቤን በትኜ የት እሄዳለሁ ነው ነገሩ። ይልቁንም ቁጭ ብለው፣ አንድ ክርስቲያን በሚኖርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ምን ድርሻ አለው የሚል ጽሑፍ ጻፉ። የመጨረሻቸው ሆነ።

ቅዳሜ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም። ኡራኤል አካባቢ ባለው የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት አስተምረው አመሻሽ ላይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ወጡ። ሲቪል የለበሱ ሰዎች አስቆሟቸው። ባልየው በአንድ መኪና፣ ሚስትየዋ በሌላ መኪና ተጫኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ወስደው ከተማው ዳር አራገፏቸው። የጉዲና መኪና ግን ሄደ፣ በቃ ሄደ። ዕድሜያቸው 50 ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይ የደረሰባቸውን ለመጻፍ እጅ ይከብዳል። ባላቸው በጠፉ በሰባተኛው ወር፣ በየካቲት 1972፣ እሳቸውም ታሰሩ። ተገረፉ። ክስ ሳይሰሙ አሥር ዓመት ገደማ ወህኒ ቤት ተቀመጡ። ያን ሁሉ ጊዜ ባላቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚነግራቸው አላገኙም። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ድንኳን ይጣላል፣ አርባ ይወጣል። ለታፈነ ሰው ምኑ ይደረጋል? በሩ በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ክረምት የወሰደው እሳቸውን ብቻ አይደለም። የአርጆው ልጅ፣ የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳ፣ እሱም ነቀምቴን ያውቃታል፣ በነሐሴ 1969 ተይዞ በእስር ላይ ሳለ በዚያው እ.ኤ.አ. 1979 ተገደለ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም እንዲሁ። ፓትርያርኩ የተያዙት የካቲት 10 ቀን 1968 ዓ.ም ነው። በ11ኛው ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ከፈተ፣ ዋልያዎቹም ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፉ። አባቶቻችን ስለዚያ ጨዋታ ሲያወሩ አድገናል፣ ስለ ታሰሩት አዛውንት ግን ጮክ ብሎ ያወራ አልነበረም። ከቦነስ አይረስ በምን ተለየን?

ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ። ኮሎኔሉ ዚምባብዌ ገቡ፣ የታፈነ አፍም መከፈት ጀመረ። በሚያዝያ 1984 ዓ.ም በልዑል ራስ አሥራተ ካሳ የቀድሞ ግቢ ተቆፈረ። ራስ አሥራተ በኅዳር 1967 ከተረሸኑት ስልሳዎቹ አንዱ ናቸው፤ ቤታቸውን ደርግ ወስዶ ለእስርና ለምርመራ ተጠቀመበት። የቄስ ጉዲና አጽም የወጣው ከዚያ ግቢ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስም እዚያው ተገኘ። ጉዲና የተገደሉት በታፈኑባት በዚያችው ሌሊት መሆኑ ታወቀ። ማለት ሚስትየዋ ወህኒ ቤት ሆነው ይኖሩ ይሆን እያሉ ሲጨነቁ፣ ባልየው እዚሁ ከተማ መሬት ውስጥ ነበሩ። ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም በወግ ተቀበሩ። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ በኋላ 22 ዓመት ኖረው በ2007 ዓ.ም አረፉ።

ቃሌን ላክብር፣ አርጀንቲናዎቹ መጡ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም የአጽም ምርመራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። በ1986 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሱት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አባላት ናቸው። የራሳቸውን አገር ታፋኞች አጽም ሲለቅሙ ሥራውን የተማሩ ልጆች ማለት ነው። በኬምፐስ ዋንጫ ሰሞን የጠፉትን ሰዎች የሚፈልጉ እጆች እዚህ መጥተው የኛን ሰዎች ከጅምላ መቃብር አወጡ፣ ማስረጃውንም ለፍርድ ቤት አቀረቡ።

ፍርዱ 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። ጥር ላይ ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 በይግባኝ ሞት፣ በ2003 ደግሞ እስር ላይ ለነበሩት ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው። በዚያች ቅዳሜ ምሽት ከኡራኤል እስከ ራስ አሥራተ ግቢ መኪናውን የነዱት እጆች ግን ስም የላቸውም። ቦጂም ነቀምቴም ቄስ ጉዲና ሲነሱ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው እዚያች መኪና ላይ ነው።