የሰማዩን ቁና ያስተካከሉት ወይዘሪት ሌቪት

በቡራዩ ገበያ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ ቢሰፍር፥ ገዢና ሻጭ ከቶ ባልተስማሙም ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የሰማይ ሊቃውንት በእንዲህ ያለ ችግር ላይ ነበሩ። የከዋክብትን ብርሃን እያንዳንዱ በየራሱ መስፈሪያ ይለካ ስለ ነበረ፥ የአንዱ ቁጥር ከሌላው አይገጥምም ነበር። ይህን ቁና ካስተካከሉት ሰዎች አንዷ ወይዘሪት ሄንሪዬታ ስዋን ሌቪት ናቸው።

ወይዘሪት ሌቪት በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 1868 ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ኋላ ራድክሊፍ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ተምረው በ1892 ፈጸሙ። ጆሯቸው እየደከመ ቢሄድም ትዕግሥታቸው አልደከመም። በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ፥ ከ1902 ጀምሮ ግን በሰዓት 30 የአሜሪካ ሳንቲም እየተከፈላቸው ሠሩ።

ሥራቸው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ የተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎችን መመርመር ነበር። በሰሌዳው ላይ ኮከብ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ብርሃኑ ሲበረታ ነጥቡም ይተልቃል። እርሳቸውም ብርሃናቸው ከታወቀ ከዋክብት ጋር ነጥብን ከነጥብ እያስተያዩ ይመዘግቡ ነበር። በ1912 በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ያሉ፥ እየደመቁ የሚደበዝዙ 25 ከዋክብትን መረመሩ። ሁሉም ከእኛ በተቀራራቢ ርቀት ላይ ስለሆኑ፥ ብርሃኑ የበረታው ኮከብ የመድመቅና የመደብዘዝ ጊዜው እንደሚረዝም ተገለጠላቸው። በ1917 ደግሞ በ13 ቴሌስኮፖች የተነሡ 299 ሰሌዳዎችን አመሳክረው፥ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያሉ 96 ከዋክብትን የብርሃን መለኪያ አድርገው አቀረቡ።

የዚህ ጥቅሙ ምንድን ነው? በሱሉልታ ሜዳ ሌሊት የሚታይ ብርሃን የቅርብ ኩራዝ ይሁን የሩቅ መኪና መብራት በዓይን ብቻ አይለይም። የመብራቱ እውነተኛ ኃይል ሲታወቅ ግን ርቀቱ ይሰላል። ኤድዊን ሀብል በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ኮከብ አግኝተው፥ አንድሮሜዳ ከእኛ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን በወይዘሪት ሌቪት ሕግ አስረዱ። እርሳቸው ግን ይህን ሳያዩ ዲሴምበር 12 ቀን 1921 በ53 ዓመታቸው ዐርፈው ነበር። በ1925 አንድ የስዊድን ሊቅ ለኖቤል ሽልማት ሊያስቧቸው ደብዳቤ ሲጽፉ፥ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

ዛሬ ሚሊዮን ጋላክሲዎችን የሚመዘግቡ ቴሌስኮፖች በሰሌዳ ፈንታ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይሠራሉ። ሆኖም ብርሃናቸው ከታወቀ ከዋክብት ጋር ሳይመሳከር ቁጥራቸው አይታመንም። ጋላክሲ እንደ ጭጋግ የተበተነ ስለሆነ ዳርቻው ከሰማዩ ብርሃን ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህ የሰማዩ ብርሃን ተለክቶ ይቀነሳል። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናቋርጠው በእንጦጦም የአንድ አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የከተማው መብራት በበዛ ቁጥር ሰማዩ ይነጣል፥ የሚቀነሰውም ይበዛል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከእኛ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ከዚያ ተራራ ላይ ሰማዩን ትለካ ይሆናል። ያን ጊዜ አዲስ ነገር አገኘሁ ከማለት በፊት ቁናውን እንመርምር፤ ወይዘሪት ሌቪት ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነበርና።